ቅጹ ላይ አማርኛ ብላችሁ ጻፋችሁ ወይስ እንግሊዝኛ?

የክሩ መክፈቻ

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት ክር፣ ማለትም ምላሾች በተራ ቁጥር በሚከታተሉበት ገጽ ላይ ያነሣችው በሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። የመጀመሪያ ልጇ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ይገባል። ለምዝገባ ከተሰጧት ወረቀቶች መካከል የቤት ቋንቋን የሚጠይቅ ቅጽ አለ። ልጁ አፉን የፈታው በየትኛው ቋንቋ ነው? አሁን አዘውትሮ የሚናገረው የትኛውን ነው? ቤት ውስጥስ ምን ይነገራል? ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። እውነቱን ትጻፍ ቢባል መልሷ በቅደም ተከተል አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሁለቱም የሚል ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ግን ሦስቱም ላይ እንግሊዝኛ ብላ እንድትጽፍ መክረዋታል። አማርኛ ካለች ልጇን ከክፍል እያወጡ ኢሶል፣ ማለትም ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ትምህርት፣ ያስገቡታል፤ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ነገር እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይከተለዋል ብለው አስፈራርተዋታል። እናንተስ ምን ጻፋችሁ፣ ከዚያስ ምን ሆነ ብላ ጠይቃለች። አማቷ አብረዋቸው ይኖራሉ፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገሩትም በአማርኛ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል ብሎ መፈረም እሳቸውን ከቤት እንደማስወጣት ሆኖባታል።

ክሩ ረዝሟል። ስድቡን ዘልዬ፣ ለወላጅ የሚጠቅመውን ከነጭቅጭቁ አቅርቤዋለሁ። በመሀል የራሴን ሐሳብ ጣል ሳላደርግ አላልፍም።

ከ1 እስከ 8

1ኛው ምላሽ በምርቃት የተሞላ ነበር። ጸሐፊዋ ለሴት ልጇ ሦስቱም ላይ እንግሊዝኛ ብላ ሞልታለች፣ ልጅቷም አሁን አራተኛ ክፍል ናት፣ ምንም ችግር አልገጠማትም። 2ኛው ምላሽ በጨዋ ቃል አንድ ነገር ጠየቃት፦ ልጅቷ አማርኛ ትናገራለች? እናትየዋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሳ፣ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው አለች። ሌላ አልጨመረችም።

3ኛው ምላሽ የአንድ አባት ነው። እውነቱን ጽፎ ልጁ ተፈተነ። አምስት ዓመቱ ነበር። የማያውቃት ሴት ለብቻው ክፍል አስገብታ ሥዕል እያሳየች ጠየቀችው፣ እሱ ደግሞ ጸጥ አለ። እቤት ከቴሌቪዥን በለቀመው እንግሊዝኛ ሲለፈልፍ የሚውል ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚህ ምክንያት ኢሶል ገባ፣ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወጣ። አባትየው ቅሬታ የለውም። ልጁ በቀን ለተወሰነ ጊዜ ከአምስት ልጆች ጋር አንዲት መምህር ከፊቱ ተቀምጣ ማንበብ አስተምራዋለች፤ ይህን በገንዘብ ልግዛ ቢል አቅሙ እንደማይችለው ጽፏል።

4ኛው ምላሽ ክሩን አጋለው። የአንድ ሰው ዕድል ማስረጃ አይሆንም ብሎ የጀመረው አባት፣ ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከሰላምታ የማያልፍ መሆኗን ተናገረ። ስድስተኛ ክፍል ደርሳም ኢሶል ውስጥ ነበረች። የዊዳን፣ ማለትም የእነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ በየዓመቱ የሚለካበትን ፈተና፣ ውጤት ከፊቱ ዘርግቶ ይጽፍ እንደነበር ከቁጥሮቹ ያስታውቃል። ከ6 የተሰጣት፣ በማዳመጥ 5.9፣ በመናገር 5.8፣ በማንበብ 4.2፣ በመጻፍ 3.4፣ ጠቅላላው 4.4 ነው። በሜሪላንድ በዚያን ጊዜ ለመውጣት የሚፈለገው 4.5 ነበር። ያቺ የ0.1 ልዩነት አንድ ዓመት አስከፈለቻት። የክፍል ጓደኞቿ በምርጫ ትምህርት ሰዓት ወደ ሙዚቃና ወደ ፈረንሳይኛ ሲሄዱ እሷ በዚያው ሰዓት ኢሶል ተመደበላት። ቫዮሊን መማር ትፈልግ ነበር፣ ክፍለ ጊዜ አልተገኘላትም። ለታናሽ ወንድሟ ቅጹን ሲሞላ ታዲያ ሦስቱም ላይ እንግሊዝኛ ብሎ ጻፈ፣ እጁም አልተንቀጠቀጠ።

ይህን ሰው ብዙዎች ደግፈውታል፤ ሊደገፍም ይገባዋል። ኢሶል ምንም ጉዳት የለውም እያሉ የሚጽፉ ሰዎች የልጆቻቸውን የስድስተኛ ክፍል የትምህርት ሰሌዳ አላዩትም።

5ኛዋ መላሽ የኢሶል መምህር ናት፣ እሷም ኢትዮጵያዊት። ነገሩን በትዕግሥት አፍታታችው። በመጀመሪያ፣ ቅጹ ልጁን የትም አይመድበውም። የሚወስነው ይፈተን ወይስ አይፈተን የሚለውን ብቻ ነው። በሜሪላንድ ከሦስቱ ጥያቄዎች በሁለቱ ሌላ ቋንቋ ከተጠቀሰ ልጁ ይፈተናል፤ የሚመድበው ውጤቱ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ 30 ቀናት ውስጥ ለወላጅ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት። ወላጅ አገልግሎቱን አልፈልግም የማለት መብት አለው። ሆኖም አልፈልግም ቢልም ልጁ የመውጫውን ነጥብ እስኪያመጣ በየዓመቱ ዊዳን መፈተኑ አይቀርለትም። ብዙ ወላጆች ይህን ሳያውቁ እምቢ ይሉና በዓመቱ ልጁ ለፈተና ሲጠራ ተታለልን ይላሉ። ልጁ ከወጣም በኋላ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሊከታተለው ይገባል።

ለ4ኛው አባት ደግሞ ለብቻው መለሰችለት። አራቱ ክፍሎች እኩል ክብደት የላቸውም፦ ማንበብና መጻፍ እያንዳንዳቸው ከመቶ 35፣ ማዳመጥና መናገር እያንዳንዳቸው 15 ይይዛሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ የምትጠጣ ልጅ አንቀጽ ማዋቀር ካቃታት አታልፍም። ወላጅ ወረቀቱ ሲደርሰው ጠቅላላውን ብቻ ማየት የለበትም፤ የትኛው ክፍል እንደወደቀ ለይቶ፣ ለዚያች ለወደቀችው ምን እየተደረገ ነው ብሎ መምህሩን መጠየቅ አለበት። አባትየው እነዚያን ሁሉ ዓመታት የመጻፍ ነጥቧ ሲጎተት ይህን የጠየቀ ሰው ነበረ ወይ ስትል ቋጨች። ጥያቄዋ ስለት ነበረው፣ ሰውየውም መልስ አልሰጠበትም።

6ኛው ምላሽ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ በእኔ ግምት ግን በክሩ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልተነሣም። አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ አሜሪካዊ ልጅ መጻፍ ሲያቅተው የእንግሊዝኛ ተማሪ የማይባለው ለምንድን ነው ይላል።

7ኛው የአስጠኚ ማስታወቂያ ስለነበር ተነሥቷል።

8ኛው ላይ መምህሯ ተመልሳ ሳታድበሰብስ ተናገረች። ያ ልጅ የንባብ ድጋፍ ክፍል ይገባል እንጂ ኢሶል አይገባም። ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ፈተናው የሁለተኛ ቋንቋን ችግርና የመጻፍ ትምህርት ጉድለትን በደንብ እንደማይለያቸው አመነች። እዚህ አገር ተወልደው አምስትና ስድስት ዓመት ኢሶል ውስጥ የሚቆዩ ልጆች አሉ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ የጎደላቸው መጻፍን በሥርዓቱ ያስተማራቸው ሰው ነው። ከዚህ በኋላ በጉዳዩ ላይ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልመጣም።

ከ9 እስከ 17

9ኛው ምላሽ ነገሩን ወደ ገንዘብ ወሰደው። በ2021 በሜሪላንድ የጸናው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ተማሪ ለትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ይመድባል፤ ልጆቻችን የማይለቀቁት የገቢ ምንጭ ስለሆኑ ነው ይላል ጸሐፊው። 10ኛው ላይ መምህሯ ትዕግሥቷ አለቀ። በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል እየነዳች ምሳዋን መኪና ውስጥ እንደምትበላ፣ አንድ ልጅ ቢወጣላት የመጀመሪያዋ ተደሳች እሷ እንደሆነች ገልጻ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ነገረችው። ገንዘቡ መመደቡ እውነት ነው። ልጅን አስቦ ማቆየት ግን ሌላ ክስ ነው፣ ሰውየውም ላመጣው ክስ ማስረጃ አላቀረበም።

11ኛው የጻፈው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የሚሠራ ሰው ነው። ኢሶልን እንደ ቅጣት የምናየው ከየት እንደመጣ ስለማናውቅ ነው ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳያውቁ፣ ያለ ምንም እገዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ወላጆቻቸው ከሰሱ። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላው በኒኮልስ ላይ በተባለው ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ፍርዱ የቆመው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ላይ ነው፤ ለሁሉም አንድ መጽሐፍና አንድ መምህር መስጠት፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ እኩልነት አይደለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ የእኩል የትምህርት ዕድል ሕግን አወጣ። አስተርጓሚው፣ ቻይናውያን ወላጆች ተሟግተው ያገኙትን እኛ እንሸሸዋለን ሲል ደመደመ።

12ኛው ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ አጣጣለው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 2025 በወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንግሊዝኛ የአሜሪካ ይፋዊ (ኦፊሴላዊ) ቋንቋ ተብሏልና። 13ኛው አረመው። ትእዛዙ መውጣቱ ትክክል ነው፣ በ2000 የወጣውንና መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ የሚለውን የቀድሞ ትእዛዝም ሽሯል። ነገር ግን የ1964ቱንና የ1974ቱን ሕግ ወይም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሽርም። 12ኛው ጸሐፊ ትንሽ ተነጫነጨና ጠፋ።

በዚህ መሀል 14ኛዋ ጸሐፊ የሁሉንም ልብ የነካ ነገር ጠየቀች። የመኖሪያ ወረቀቷ ገና አላለቀም። አማርኛ ብላ ብትጽፍ ቅጹ ኢሚግሬሽን ዘንድ ይደርሳል ወይ? 15ኛው ወዲያው መለሰላት፦ በ1982 ፕላይለር በዶ ላይ በተባለው ጉዳይ በተሰጠው ፍርድ መሠረት ማንኛውም ልጅ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም በሕዝብ ትምህርት ቤት ነፃ የመማር መብት አለው፤ ቅጹም የቋንቋ እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ የለውም። መዝገብ ቤት ውስጥ ከዚህ ያለፈ ነገር ከተጠየቀች መልስ ሳትሰጥ ጠበቃ እንድታማክር ጨመረላት።

16ኛው ምላሽ በዚህ ክር ውስጥ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል። ጸሐፊዋ በዋሽንግተን ዲሲ ለብዙ ዓመታት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነበረች። የምዝገባ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል ትላለች። ዘር የሚለው ሣጥን ላይ ልጆቻችን ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ ተብለው ይመዘገባሉ፤ እዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣና እዚሁ ለትውልድ የኖረ ሰው አይለይም። ትምህርት ቤቱ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ እንዳለው የሚያውቀው በቋንቋው ቅጽ ነው። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን የሚተረጉሙበትን ልክ አስቀምጧል፦ ከተገልጋዩ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ የሚያንሰው። አማርኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው በቁጥር ነው። በሞንጎምሪ ካውንቲም የትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ በአማርኛ የሚወጣው በልመና ሳይሆን ወላጆች ስለተቆጠሩ ነው። ሁላችንም እንግሊዝኛ ብለን ብንጽፍ ከዓመታት በኋላ ምሽት ፈረቃ ሠርታ የመጣች እናት ስለ ልጇ የልዩ ፍላጎት ምዘና በእንግሊዝኛ ብቻ በተጻፈ ወረቀት ላይ ትፈርማለች።

17ኛው ምላሽ ለዚህ የመጣ ቁጣ ነው፣ መነሻ የሌለው ቁጣም አይደለም። የእኔ ልጅ የማኅበረሰቡ መቁጠሪያ እንጨት አይደለችም፤ የትርጉም ወረቀት እንዲታተም እሷ ቫዮሊኗን አትገብርም ይላል። የጻፈው ያው የ4ኛው ምላሽ አባት ነው። 16ኛዋ ጸሐፊ ለመመለስ ሞከረች፣ አጥጋቢ ግን አልነበረም። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ፤ ልዩነቱ የሚጠበው ወላጁ እውነቱን ጽፎ ሲያበቃ ነገሩን ካልተወው ነው። 4.4 ያመጣች ልጅ ወላጅ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄዶ፣ የመጻፍ እገዛው ከምርጫ ትምህርቷ ሰዓት ውጭ ይሁንልኝ ማለት ይችላል። በመካከላችን ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። መምህር ፊት መከራከር ነውር ነው ተብለን ስላደግን፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልጁ የእናንተ ነው ብለን አመስግነን እንወጣለን።

ከ18 እስከ 22፦ ጠቡ

18ኛዋ ጸሐፊ ከሚኒሶታ ናት፣ የቤቷ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ስለ ልጇ ለመነጋገር ትምህርት ቤት ስትጠራ በስልክ የቀረበላት አስተርጓሚ በአማርኛ ሰላም አላት። መዝገቡ ላይ የትውልድ አገር ኢትዮጵያ ስለሚል የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አማርኛ መርጣላት ነበር። ገጠር ያደገች ሴት ናት፣ ትምህርቷንም የተማረችው በራሷ ቋንቋ ነው። የተባለውን ግማሹን እየገመተች ራሷን ነቀነቀች፣ በመጨረሻም ፈረመች። የፈረመችው ልጇ የንግግር ችግር አለበት ተብሎ እንዲመረመር የሚፈቅድ ወረቀት እንደሆነ ያወቀችው ጎረቤቷ ስታነብላት ነው።

19ኛው የመለሰው የሚያሳፍር ነገር ነው። አማርኛ የማይገባው ኢትዮጵያዊ የለም፣ ነገሩ ፖለቲካ ነው አለ። 20ኛው ላይ ሴትየዋ ራሷ በአንድ አረፍተ ነገር ዘጋችው፦ አሜሪካ እየኖረ እንግሊዝኛ የማይገባው ሰው የለም የሚለው መዝገብ ቤት ሠራተኛም ስለ አማርኛ ተናጋሪ እናቶች የሚያስበው ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ አሥር ያህል መልእክት ስድብ ብቻ ስለነበር አወያዩ ሰርዞታል፣ ቁጥርም አልተሰጠውም። 21ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

22ኛው በቨርጂኒያ የሚኖር ትግርኛ ተናጋሪ አባት ነው፣ ነገሩን አበረደው። እሱም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፤ አማርኛ ስለሚችል ግን ዝም ብሎ ይነጋገር ነበር። ባለቤቱ ስለማትችል በኋላ የትግርኛ አስተርጓሚ ጠየቀ፣ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ዘግይቶም ቢሆን ተገኘ። ምክሩ አጭር ነው፦ ቅጹ ላይ ወላጁ ራሱ የሚፈልገውን የአስተርጓሚ ቋንቋ የሚሞላበት ቦታ ካለ በጉልህ ይጻፍ፣ ከሌለ ጠርዙ ላይ ይጻፍ። ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ግን በምንም መንገድ አይገባም፤ ስለ ራሱ ጥፋት ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ ምን እንደሚያስተረጉም ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳቁ፣ ክሩም ተነፈሰ።

ከ23 እስከ 29፦ ከርእስ መውጣት

23ኛው የመጣው ከእስራኤል ነው። ጸሐፊዋ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሲጓጓዙ ልጅ ሆና ከገቡት አንዷ ናት። ትምህርት ቤት በገባች ቀን ስሟ ተለወጠ፤ መምህሯ የዕብራይስጥ ስም ሰጠቻት፣ ማንም አልጠየቃትም። ታላቅ ወንድሟ እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ እኩዮቹ ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። አባቷ የፈረሙበት ወረቀት በዕብራይስጥ ነበር። ወንድሟ በበዓል ሲመጣ ከአባቱ ጋር የሚያወራበት ቃል እያለቀበት ሄደ። በ2009 በፔታህ ቲክቫ አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆችን አንቀበልም ብለው መንግሥት ጣልቃ እስኪገባ የደረሰውን ውዝግብም አስታወሰች። አሁን አማርኛ ለባግሩት፣ ማለትም ለመልቀቂያ ፈተና፣ ከሚወሰዱ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ የልጇ ትምህርት ቤት ግን አስተማሪ የለውም። ለመክፈቻው ጥያቄ ያላት መልስ፣ ቅጽ ተሰጥቶሽ መጠየቅሽ በራሱ ዕድል ነው የሚል ነው።

24ኛው ከአዲስ አበባ፣ በምፀት የተጻፈ ነው። እናንተ እዚያ አማርኛ እንዳይጠፋ ትጨነቃላችሁ፣ እዚህ እኔ በወር በወር እየከፈልኩ የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረን ልጅ ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል ይላል።

25ኛው፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው፣ ምፀቱን ወደ ቁም ነገር መለሰው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ፣ ጥሩም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከአማርኛም ከሲዳምኛም የመጣ ልጅ እኩል ዲዳ ይሆናል። እሱ የሚያስተምረው ባዮሎጂ ሲሆን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ግን ሹክሹክታ በሚመስል አማርኛ ነው፤ ፈተናው ተመልሶ በእንግሊዝኛ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አላለም፤ ግን አምስት ልጆች ይዛ ማንበብ የምታስተምር የኢሶል መምህር ለእሱ ተማሪዎች ብትመጣ ማን ይሸሻት ነበር ብሎ ጠየቀ። 4ኛው አባት ለዚህ ምላሽ ምስጋና ጽፏል፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንንም አላመሰገነም።

26ኛው ስለ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ላይ ለልጇ የትምህርት ቤት ምሳ ምን ታድርግ? 27ኛው ምስር ብሎ መለሰ። 28ኛው ገናን አነሣ። የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የኦርቶዶክስ ገናንና ጥምቀትን በሃይማኖታዊ በዓላት ዝርዝራቸው ውስጥ ስላስገቡ፣ ልጅ በዚያ ቀን ቢቀር በፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ወላጅ አስቀድሞ ማስታወቅ ብቻ ይጠበቅበታል። 29ኛው የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ስለማይመሳሰል ልጇን ከትምህርት ቤት ለማውጣት መታወቂያ ተጠይቃ የተቆጣች ሴት ታሪክ ነው። ለብቻው ክር ሊከፈትበት ይገባል፣ እዚህ አልገባበትም።

ከ30 ወዲህ

30ኛው ላይ ክሩን የከፈተችው እናት ተመለሰች። እውነቱን ጽፋ አስገብታለች፣ ባለቤቷ ገና አኩርፏል። አሁን የምትጠይቀው ልጁን ለፈተናው እንዴት እንደምታዘጋጅ ነው። 31ኛው፣ ያ የ3ኛው ምላሽ አባት፣ ቃላት እንዳታስጠናው መከራት። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት ዝም ሲሉ ጨዋ ተብለው የሚመሰገኑ ናቸው፤ እንግዳ ሴት ስትጠይቃቸው የሚያሳዩት ያንኑ ጨዋነት ነው፣ ውጤቱ ግን ቋንቋ አያውቅም ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት አንድ ነገር ብቻ ይነገረው፦ ዛሬ መምህሯ ስትጠይቅህ የፈለግከውን ያህል ማውራት ይፈቀድልሃል።

32ኛዋ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳደጉ እመቤት ናቸው። እሳቸው ሁሉንም ገሠጹ። ስለ አንድ ወረቀት ሰላሳ ጊዜ ተጽፏል፤ ማታ ማታ ለልጁ ማን እንደሚያነብለት የጠየቀ አንድም የለም። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ብለዋል፣ እሳቸው ግን በአማርኛ ያነባሉ። የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው ፊደል የለየው በስድስት ዓመቱ፣ እንግሊዝኛውን ማንበብ በጀመረበት ዓመት ሲሆን፣ አንዱ ሌላውን አላደናቀፈበትም። እሳቸውን የተከራከረ የለም፣ ለመከራከርም የሚያመች ሰው አልነበሩም።

33ኛዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ከፌርፋክስ። የጻፈችው በፊደል ነው፣ ጥቂት ግድፈት አለበት፣ ሐሳቡ ግን የጠራ ነው። ስለ እኛ እያወራችሁ ከእኛ አንዱን እንኳን አልጠየቃችሁም ብላ ጀመረች። የእሷ ወላጆች እንግሊዝኛ ብለው የጻፉ ናቸው፣ ከዚያም ቅጹን እውነት ለማድረግ ይመስል ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ መናገር ጀመሩ። አማርኛ መጻፍ የተማረችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤትና ከስልክ ነው። ይህን ያደረገችበትን ምክንያትም አልደበቀችም፤ ካውንቲው ለዓለም ቋንቋዎች የሚሰጠው የክሬዲት ፈተና አማርኛን ይጨምራል፣ የሚያልፈው ተማሪ ክፍል ሳይቀመጥ ክሬዲት ያገኛል። አለፈች። ስፓኒሽ መውሰድ የነበረባትን ሰዓት ለኬሚስትሪ አዋለችው። ሁለት ጓደኞቿ ግን ጥሩ እየተናገሩ መጻፍ ስላልቻሉ ወደቁ።

34ኛው ለእሷ ተጨማሪ መረጃ ሰጠ። በሁለት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ ተመራቂዎች ዲፕሎማቸው ላይ የሚለጠፍ ማኅተም አለ፤ በ2011 በካሊፎርኒያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፍቷል። አማርኛን የሚለካ ፈተና አቫንት በተባለው ድርጅት ስታምፕ በሚል ስም ይሰጣል። የልጃቸው ትምህርት ቤት ይህን ፈተና ይቀበል እንደሆነ ወላጆች የትምህርት አማካሪውን አስቀድመው ይጠይቁ።

35ኛው፣ ይህን እስከጻፍኩ ድረስ የመጨረሻው፣ የ4ኛው ምላሽ አባት ነው። ቫዮሊኑንም ነጥቡንም አላነሣም። ልጁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሰላምታ ብቻ የምታውቅ ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ለዚህ ፈተና ትደርሳለች ወይ፣ ቅዳሜ የሚያስተምር ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ ብሏል። ሁለት ሰዎች በግል መልእክት እንልክልሃለን ብለውታል።